የአባዬ ትንሹ ደንበኛ

ይድረስ ለናፈቅከኝ ወንድሜ፤ እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን።

ስለ ቴሪየር ውሻችን ጠይቀኸኝ ነበር። ቁመቱ ከአባዬ የስፌት መኪና መርገጫ ብዙም አይበልጥም፤ የሰፈሩን አይጥ ግን ፈጅቶታል። ጸጉሩ ስለሚቋጠር በየቀኑ ላበጥረው ስል ቤቱን በጩኸት ያቀልጠዋል።

ባለፈው ሳምንት አባዬ ለብርዱ ካፖርት ሰፋለት። በማግስቱ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ «ና እስቲ ጌታው፣ አንተ እኮ ካፖርት የለህም» አለና እንደገና ለካው። ይኸው ሦስት ካፖርት አለው! እኔን የሚገርመኝ ውሻው ነው። ለእኔ አንዲት ደቂቃ የማይቆመው ጉድ፣ ለአባዬ ግን ሁሌም እንደ አዲስ ደንበኛ ቀጥ ብሎ ቆሞ ይለካል።

ትናንት ደግሞ አባዬ ክር ገዝቶ ሲመለስ በራችንን አልፎ ሄደ። ውሻው የሱሪውን ጫፍ ነክሶ እየጎተተ አስገባው። በመስኮት ሳያቸው እጄን በአፌ ጫንኩ። ይሄን ማን አስተማረው?

ለአንተም ካፖርት ጀምሮልሃል። «መለካት ምን ያስፈልጋል፣ የልጄን ልክ አውቀዋለሁ» ይላል። እጅጌውን እኔ ብሞክረው ክርኔ ላይ ቀረ።

የዓመት ፈቃድህን ቀደም አድርገህ ብትመጣ ደስ ይለናል። ካፖርቱን ስትለካው ግን፣ በእናትህ፣ አባዬን ጠበበኝ እንዳትለው።

እስክንገናኝ ሰላምህን ያብዛልኝ፤
እህትህ