ሳሉን ማን አመጣው?

ኅዳር 12፣ 1977

ዛሬ ኅዳር ታጠነ። አቃቂ በቆሻሻ ጭስ ታፍናለች። ሰፈሩ ሁሉ ያስላል፣ የእኔም ድምፅ በሳል ተዘግቷል፤ «ጭሱ ነው» ይላሉ። ጭስ ትኩሳት ያመጣል እንዴ? የምሠራበት ፋብሪካ ክሊኒክ የመጡት ሁሉ ያተኩሳቸዋል። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ሳህሌም እያሳለ ስብሰባ ጠራን። ሰው በመስኮት እየዘለለ ስለሚጠፋበት የአዳራሹን መስኮቶች በሚስማር አስመትቷቸዋል። ተፋፍገን፣ አንዳችን የሌላውን ትንፋሽ ስንምግ ዋልን።

ኅዳር 20

አክስቴ ኡምሀኒ ከወሎ ገባች። ሁለት ልጆች ይዛለች። ሦስተኛውስ... አልጠየቅኳትም።

ኅዳር 26

ልጆቹ ማሳል ጀመሩ። እኛው ነን ያስያዝናቸው። ጎረቤታችን እትዬ ጠጄ ግን ቦኖ ላይ ባልዲዋን ከእኛ አራቀች። በሽታው ከወሎ ነው የመጣው አለች፣ እየሰማኋት። እሷ ራሷ አክስቴ ሳትመጣ በፊት በሳል ተኝታ አልነበር?

ኅዳር 29

ሳህሌ አስጠራኝ። ጤና ረዳት ስለሆንኩ፣ በሽታውን ያመጡት ስደተኞቹ ናቸው ብዬ ስብሰባ ላይ እንድመሰክር ፈለገ። ከዚያ አክስቴንና ልጆቹን ለሰፈራ ሊጭናቸው!

ጉንፋን መሆኑን፣ በቫይረስ እንደሚመጣ፣ በትንፋሽ እንደሚተላለፍ ነገርኩት። ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን፣ ከጉንፋን ቫይረሶች አንዱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ዘውድ ይመስላል ብሎን ነበር። «ዘውድ» የሚለው ቃል ካፉ ሲወጣ መምህሩ የንጉሡን ስም የጠራ ይመስል ደንግጦ ወደ በሩ ዞረ። ይሄን ለሳህሌ አልነገርኩትም።

«ስብሰባችን ነው በሽታ ያስያዘው?» አለኝ ሳህሌ።

«የተዘጋው መስኮት ነው» አልኩት።

ከሥራ ታገድኩ።

ታኅሣሥ 2

እነ አክስቴን ነገ ለሰፈራ ሊወስዷቸው ነው። እትዬ ጠጄ ሳታንኳኳ ገባች።

«በሽታ አመጡ አልኩ እንጂ ውሰዷቸው አልኩ እንዴ? ነይ ተነሺ! ኦልጅራ ጋሪውን አዘጋጅቷል።»

ኦልጅራ ባሏ ነው። ቂሊንጦ እናቱ ቤት ሊያደርሳቸው ነው፤ ከእርሻው መሀል ማን ይጠይቃቸዋል? ይቅር በይኝ አላለችም። እኔም ይቅር አላልኳትም። የልጆቹን ብርድ ልብስ ጠቅልዬ አሸከምኳት።

ታኅሣሥ 3

ቀበሌ ጽሕፈት ቤት። ሳህሌ ጠረጴዛውን ደበደበ። የት ደበቅሻቸው?

«በሽታውን እነሱ ናቸው ያመጡት ብለዋል፤ ይኸው ሄዱልዎ። ታዲያ እርስዎን እስካሁን ምን ያስልዎታል?»

ጠመንጃ ይዞ በር ላይ የቆመው የአብዮት ጥበቃ ሳቁ ሲያመልጠው በሳል ሸፈነው።

ነገ ሸንጎ ቅረቢ ተብያለሁ። እቀርባለሁ። እኔን ሳሉ ለቆኛል፤ ድምፄም ተከፍቷል።