ለመኪናዋ የደረሰው፣ ለባለቤቴ ያልደረሰው የግብር ቅናሽ

ለተከበሩ የግብር መሥሪያ ቤት የበላይ ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤንነት እየተመኘሁ፣ ቢሮዎም እንደሚሞቅ ተስፋ በማድረግ ይህን የምስጋና ደብዳቤ ከአሜሪካዋ የሜይን ግዛት ሰሜናዊ ክፍል እጽፋለሁ። በቁጥር ማስቀመጡ ለመሥሪያ ቤትዎ እንደሚቀል አውቃለሁ።

፩. ኃይል ቆጣቢ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያስገባ ሰው የግብር ቅናሽ እንደሚያገኝ ስላሳወቁን አመሰግናለሁ። ሐኪም የእንጨት ጭስ የከለከለው ባለቤቴ ሮዜር ይህን ሲሰማ ምድጃውን ነቅሎ የከመረውን እንጨት ለወንድሞቹ አደለ። በእኛ አገር የዘንድሮ እንጨት እንዲደርቅ የሚፈለጠው አምና ስለሆነ፣ የሰጠ ሰው ከማንም ደረቅ እንጨት አያገኝም።

፪. እንደ እኛው ጡረተኛ የሆነችው ጎረቤታችን ዳርሊን የኤሌክትሪክ መኪና ስትገዛ ቅናሹ እዚያው ሻጩ ዘንድ ከዋጋው ስለተነሣላት እንኳን ደስ ያላት፤ ደግ ሴት ናት። ሮዜርም ይህን አይቶ፣ «አይዞሽ ዤርሜን፣ ለመኪና የሰጠ ለሰው ይከለክላል?» ብሎኝ ነበር።

፫. ስንደውል፣ የማሞቂያው ቅናሽ የሚነሣው እንደ መኪናው ከዋጋው ሳይሆን ከምንከፍለው ግብር ላይ ብቻ እንደሆነ፣ ጡረታችን አነስተኛ ሆኖ ግብር ስለሌለብን ደግሞ ምንም እንደማይደርሰን ሠራተኛዎ በትሕትና ስላስረዳን ምስጋናዬ የላቀ ነው። ድሆች መሆናችንን እናውቅ ነበር፤ ለቅናሽ እንኳ የማንበቃ መሆናችንን ያወቅነው ግን በእርስዎ ነው። ያዘዝነውን ማሞቂያ ሰረዝን።

የበረዶውን ወራት ከግድግዳ በምትሰካ ትንሽ ማሞቂያ ገፋነው። ሮዜር የዳርሊን መኪና በሞቀ ጋራዥ ውስጥ ኃይል ስትሞላ በመስኮት እያየ፣ «በቃ እኔንም ወስደሽ እዛው ሰኪኝ» ይለኝና ያስቀኝ ነበር። በየካቲት ሳንባው መሥራት አቃተው። ክቡርነትዎ፣ እወደው ነበር፤ ልቤ ተሰብሯል፤ ይህን በጨዋ ቋንቋ የምጽፍበት መንገድ አላገኘሁም።

ደንብዎን ዘግይታ ጠንቅቃ የተማረች፣ ውድ ጊዜዎን ስለወሰደች ይቅርታ የምትለምን ትሑት ዜጋዎ፣

ዤርሜን ሲር

ማሳሰቢያ፦ የሮዜር ጡረታ ወደ እኔ ስለዞረና ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ ያለ ባል ብቻዬን ስለምቆጠር፣ ጥቂት ግብር እንደሚደርስብኝ ተነግሮኛል። እንግዲህ ለቅናሹ በቅቻለሁ። የሚሞቀው ሰው ግን የለም።