ፍሬኑ ያዘ?

ውድ ጋሼ፣

ይህን የምጽፍልህ አልጋህ አጠገብ፣ አንድ እግሯ አጭር የሆነችው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። አንተ ተኝተሃል። ብትነቃም ፊደል መለየት ካቆምክ ሰንብተሃል፤ ራስህ ውስጥ ያደገው ዕጢ መጀመሪያ የቀማህ ማንበብን ነው። ስለዚህ እንደማታነበው እያወቅሁ፣ ፊት ለፊት ያቃተኝን እጽፋለሁ።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ጋራዥህ ውስጥ ፔዳል ረጋጭህ እኔ ነበርኩ። አንተ መኪናው ሥር ገብተህ ከፍሬኑ መስመር አየር ታስወጣለህ፤ እኔ ከላይ እየተንጠራራሁ እረግጣለሁ። "ርገጪ! ያዢው! ልቀቂ!" መጨረሻ ላይ "ያዘ?" ትላለህ። "ይዟል" እላለሁ። አንተ ግን በአንድ ቃል የምታምን ሰው አይደለህም። "ድገሚው" ትላለህ። ሁለተኛ ረግጬ ሁለተኛ "ይዟል" ካላልኩ መኪናው ንቅንቅ አይልም። "በሌላው እንደ ልብሽ ዋሺ፤ ፍሬን ላይ አይዋሽም" ትለኝ ነበር፣ ፊትህ ግሪስ በግሪስ ሆኖ።

አድጌ የላቦራቶሪ ባለሙያ ሆንኩ። ከአንጎልህ የወጣው ናሙና እኛ ጋ ሲመጣ የዘመድ ናሙና አይነካምና ባልደረባዬ ሠራው። ውጤቱን ይዤ ስመጣ "በሰው ቋንቋ ንገሪኝ" አልከኝ።

"ሴል እንዳሻው እንዳይባዛ የሚገታ ጂን አለ። ፍሬን በለው። ሁለት ነው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይይዛል።"

"የእኔስ?"

"ከአባባ የወረስከው ስትወለድም የተበላሸ ነበር። ከእማማ ያገኘኸው ደግሞ ዕጢው ውስጥ ጠፍቷል።"

አባባን "ራሱን አሞት ነው የሞተው" ሲሉን ነበር ያደግነው። ጣራውን አየህና "መለዋወጫ የለውም?" አልክ። ሳቅን። "የለውም" ስልህ ሳቁ ቆመ።

ጋሼ፣ ብልሽቱ የት ጋ እንደሆነ አውቀዋለሁ። ስክሪን ላይ በጣቴ አሳይሃለሁ። ግን ምን ዋጋ አለው? ዐይኔ እያየ ትሄዳለህ። የእኔም ደም ሲመረመር ነፃ ወጣሁ፤ አንተ እልል ልትል ምንም አልቀረህም፣ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። "ላያስችል አይሰጥም" ይሉኛል ጠያቂዎችህ። ያልተሰጣቸው ናቸው እንዲህ የሚሉት።

ከዚያ የቡሎኔ ተራ መጣ። የአንዲት ልጅህ፣ ቡሎኔ የምትላት። "ከእኔ በላይ እሷን እዪልኝ" ብለህ ነበር፤ እጇን ዘርግታ ደሟን የሰጠችው ግን ራሷ ናት። ዛሬ ጠዋት ባልደረባዬ ውጤቱን መናገር አቅቶት ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ያው ቦታ ነው። ያው ብልሽት።

ስመጣ ነቅተህ ጠበቅኸኝ። ቃላት እንደዚያ እየራቁህ፣ ያቺን አንዲቷን ከየት እንዳመጣሃት እንጃ።

"ቡሎኔ... ያዘ?"

"ይዟል" አልኩህ።

አየኸኝ። "ድገሚው።"

አፌን ከፈትኩ። አልወጣም አለኝ፣ ጋሼ። አንተ አልተቆጣህም። እጄን ፈልገህ ያዝከኝና፣ በዚያች ባለቀች ድምፅህ "በቃ፣ ልቀቂ" ብለህ ዐይንህን ጨፈንክ።

አሁን ቡሎኔ በሩ ጋ ብርቱካን እየላጠችልህ ነው፤ እንደማትበላው እያወቀች። ቀና እያለች ታየኛለች። ስትጨርስ ወደ ግቢው ይዣት ወጥቼ እነግራታለሁ። ለእሷ "ይዟል" አልላትም።

እውነቱን ሳትጠይቀኝ ልድገመው፦ ካንተ የወረሰችው አልያዘም። የእናቷ ግን እስካሁን ይዟል። መጠገን አልችልም። ምርመራዋ በደረሰ ቁጥር አጠገቧ እቆማለሁ፤ ያ አንዱ መያዝ አለመያዙን አያለሁ፣ ከዚያ ደግሜ አያለሁ። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ፔዳል ረጋጭህ፣
እህትህ