ለሁለት ትንንሽ ስፒከሮች ስለተገዛው ትልቅ አምፕሊፋየር

ሐረር፣ ሐምሌ 12 ቀን 1975 ዓ.ም.

ይድረስ ሁለቱን ስፒከሮቼን አቃጥለው ጥፋቱን በእኔ ስም በቃለ ጉባኤ ላስመዘገቡት፣ ለተከበሩት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለጓድ ደምሴ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በተለይ ጆሮዎን እግዚአብሔር ይጠብቅልዎ፤ ከሰኔው ሰልፍ ወዲህ የእኔ ገና አልተመለሰም።

በመጪው እሑድ በጉባኤ ቆሜ «ደካማ ስፒከር በማቅረብ አጥፍቻለሁ» ብዬ ግለ ሂስ እንዳደርግ በጽሑፍ ስላዘዙኝ፣ እኔም መልሴን በጽሑፍ አቅርቤአለሁ። በቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት ራሴ ነኝና ለጣፊውን በመፈለግ አይድከሙ።

አንደኛ፣ ኤረር በር አጠገብ ላለችው የንባብ ክፍላችን እነዚያን የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ስፒከሮች ከቤቴ አውጥቼ የሰጠሁት፣ የመሠረተ ትምህርት ተማሪዎች የሬዲዮውን ትምህርት ከኋላ ወንበር ሆነው እንዲሰሙ ነው። የሚስማማቸውን አምፕሊፋየር በርካሽ እንድመርጥ ያዘዙኝም እርስዎ ነዎት፤ ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስፒከሮቹን በጆንያ ተሸክሜ የፈረስ መጋላን ሱቆች አዳረስኩ። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሬዲዮ ስፈታ ስገጥም የተማርኩት ግን አለ። አምፕሊፋየር በዘፈን አይፈተንም። ዘፈን የዕቃውን ነውር ይሸፍናል፣ የሰው ንግግር ያጋልጠዋል። ስለዚህ በየሱቁ ዜና እያስከፈትኩ አዳመጥኩ። በመጨረሻ ሐሰን ሱቅ ውስጥ ክዳኑ የተጫረ፣ ሃያ ዋት የሚሰጥ አሮጌ አምፕሊፋየር አገኘሁ፤ ለስፒከሮቼ አቅም ልክ ነበር፤ ዋጋውም መቶ ሠላሳ ብር። ለሁለት ቀን ተውሼ ክፍሉ ውስጥ ስከፍተው፣ በስድሳ ዓመታቸው ፊደል የጀመሩት ወይዘሮ ኸዲጃ «ወላሂ፣ መምህሩ ጆሮዬ ሥር ቁጭ ብሎ ነው የሚያስተምረኝ!» አሉ። ከዚህ የሚበልጥ የምስክር ወረቀት አላውቅም።

ሁለተኛ፣ እርስዎ መጥተው አዩት፤ አላዳመጡትም። «ጋሽ አባይነህ፣ ይሄ እኮ የጫማ ሳጥን ነው፤ እንግዳ ቢመጣ ያሳፍረናል» ብለው ለሐሰን መለሱት። በምትኩ ከአዲስ አበባ ያስመጡት ባለ መቶ ሃምሳ ዋት አምፕሊፋየር፣ አረንጓዴና ቀይ መብራቱ ሲያብለጨልጭ እውነትም ያምራል። በዓይኑ ለሚሰማ ሰው ከዚህ የተሻለ አይገኝም።

ሦስተኛ፣ የድምፁ ማዞሪያ ከሩብ እንዳያልፍ በነጭ ቀለም ምልክት አድርጌ በአፌም በእጄም አሳይቼዎት ነበር። በሰልፉ ቀን ግን ለመደርደሪያ የተሠሩትን ስፒከሮች አደባባይ አወጡ፤ በካሴት የማርሽ ሙዚቃ አስከፈቱ፤ ምልክቴን አልፈው ማዞሪያውን እስከ ጥግ አዞሩት። ማርሹ አራት ደቂቃ ያህል ተሰማ፤ ከዚያ የተቃጠለ ሽቦ ሸተተን። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት «የጋሽ አባይነህ ስፒከር የአብዮቱን ድምፅ መሸከም አቃተው» ብለው ማወጅዎን አደንቃለሁ። በአህያ ላይ የግመል ጭነት ጭኖ አህያዋን የሚከስ ዳኛ እስከዚያ ቀን አላየሁም ነበር።

ዛሬ ክፍሉ ዝም ብሏል። ወይዘሮ ኸዲጃ ስማቸውን «ኸዲ» ድረስ ጽፈው የመጨረሻዋ ፊደል ቀርታቸዋለች።

ስፒከሮቼን ይተኩልኝ አልልም፤ ለክፍሉ ሰጥቼአቸዋለሁ። ቃለ ጉባኤው ውስጥ የገባው ስሜ ግን የእኔ ነው፤ ለማንም አልሰጠሁትም። ምርጫዬ ትክክል ነበር። ከቀበሌ ቤት ቢያስወጡኝ፣ የራሽን ካርዴን ቢነጥቁኝ፣ ያላጠፋሁትን አጠፋሁ አልልም።

አምፕሊፋየርዎን መብራት አያሳጣው እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ ከቃሌ ግን አንዲት ጋት ሳልነቃነቅ እሰናበታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ሬዲዮ ጠጋኙ አባይነህ ተክለጻድቅ

ማሳሰቢያ፦ ለእሑዱ ጉባኤ ትልቁ አምፕሊፋየር ከነመብራቱ ጠረጴዛ ላይ እንደሚቀርብ ሰምቻለሁ። እኔም ቀርቤ ከጎኑ እቆማለሁ። እሱ ስፒከር ስለሌለው፣ እኔ ደግሞ መናገር ስለማልፈልግ፣ ሁለታችንም ዝም እንልልዎታለን። እሱን አንድ ቀን ስፒከር ገዝተው ያናግሩት ይሆናል፤ እኔ ግን ስለዚህ ነገር ከዛሬ ጀምሮ እስክሞት ድረስ አንዲት ቃል አልናገርም።