«በሞቴ» የማይባልበት ገበታ

ለሽፌ፣ ለቤቴ ምሰሶ፣

ያለ አንተ ጾም ስንፈታ ይኸው ሁለተኛ ፋሲካችን ሆነ። እንደምን ሰነበትክ ብልህ መልስ እንደማይመጣ አውቃለሁ፤ አፌ ለምዶብኝ ነውና እንዳልኩህ ቁጠረው። እኔ ደህና ነኝ። ወሬው ግን ተጠራቅሞብኝ ሊያፍነኝ ነው፤ ከአንተ ሌላ ሳያቋርጠኝ የሚሰማኝ ደግሞ የለም።

መጀመሪያ ደስታዬን ልንገርህ። ልጃችን ብርቅነሽ ተመልሳ መጣችልህ! ያንን የአዲስ አበባ ሆቴል፣ ያንን ነጭ የወጥ ቤት ኮፍያዋን ትታ መጣች። ጠዋት ጠዋት በጓዳ ስታንጎራጉር ስሰማት ብቻዬን እስቃለሁ፤ ሰው ቢያየኝ አበደች ይላል። ከጓሳ አፋፍ ወረድ ብሎ ምግብ ቤት ከፍታለች። ጣሪያው የጓሳ ሣር፣ ግድግዳው ላይ የመንዝ ባና ተሰቅሎበታል፤ በመስኮቱ ገደሉና ደመናው ይታያል። ብታየው አፍህን ይዘህ ትቀር ነበር።

አበላሉ ግን እኛ እንደምናውቀው አይደለም። እንግዳው ይህን አምጪልኝ፣ ያንን ተዪ አይልም። እሷ የፈቀደችውን፣ ትንሽ ትንሹን፣ አንዱ ሲነሳ ሌላው እየቀረበ ትሰደዋለች። «የቅምሻ ገበታ» ትለዋለች። ሁሉም የአገራችን ነው፤ ገብሱ፣ ባቄላው፣ የበጉ ሥጋ፣ አይቡ። ግን ሳህኑ ሰፌድ ያክላል፣ መሀሉ ላይ ያለችው በቅቤ የተለወሰች የገብስ ጭኮ ደግሞ አውራ ጣት አታክልም። መንገዱ ሰላም ሲሆን ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ሊያዩ የሚመጡት እንግዶች ይወዱታል። ፎቶ ያነሱታል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያጣጥሙታል፤ አንዷማ ብርቄን አቅፋ አልለቅም አለቻት።

የኔ ጭንቀት የጀመረው ዘመዶቻችን የተጠሩ ዕለት ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ፣ ምሳ ላይ፣ ወንድምህ ጋሽ ደምሴ ከሚስታቸው ከእትዬ ዘነበች ጋር ከዘመሮ መጡ። ጋሼ አዲስ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ እንደ ሠርግ ቤት ሽማግሌ ከላይ ተቀመጡ። እኔም ልነሳ ስል ብርቄ «እማዬ፣ ዛሬ አንቺም እንግዳ ነሽ» ብላ አስቀመጠችኝ።

ጭኮዋ መጣች። ጋሼ በጣታቸው ጫፍ ቆንጠር አደረጉና «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። መቼም ወንድምህን ታውቃቸዋለህ፤ እስኪለመኑ ነው። አስተናጋጁ ግን «እሺ አባቴ» ብሎ ጎንበስ አለና ሳህኑን አነሳው! አስተናጋጆቹ እንግዳን መጫን ነውር ነው ተብለው የተማሩ የከተማ ልጆች ናቸው። የበጉ ሥጋ መጣ፤ ጋሼ «በቃኝ» አሉ፤ ተነሳ። አይቡም እንዲሁ። ሳህን ሲመጣ ሳህን ሲሄድ ሽማግሌው ፊታቸው እየጠቆረ ሄደ። እትዬ ዘነበች ደግሞ አፏ መቼ ያርፋል፣ አንዷን ሳህን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ «የኔ ልጅ፣ ይኼ ከምግብ በፊት ነው በኋላ የሚዋጠው?» አለችው። ልጁ ከልቡ ሊያስረዳት ጀመረ። እኔ ስቄ ልሞት ነበር፤ ጋሼን ሳይ ግን አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

በማግሥቱ ከቅዳሴ መልስ፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ጋሼ «የሽፈራው ልጅ ሳህን አሳይታ ሸኘችን» አሉ። አለቀ። ዘመሮ ገበያ ስወጣ ቅቤ ሻጮቹ ሳይቀሩ «ዛሬስ ምን ዓይነት ሳህን አያችሁ?» እያሉ ይስቁብኛል። ለኔስ ግድ የለኝም፣ እኔም መልስ አላጣም። ልጅቷ ናት የተሰበረችው። ከስልኳ ላይ እንግዶች የጻፉትን ታነብልኛለች፤ አንዱ «ዕድሜ ልኬን የማልረሳው ምሳ» ይላል፣ ሌላው «ምግቡ ግሩም ነው፣ ቤቱ ግን እንደ ፈተና ክፍል ጭር ያለ ነው» ይላል። ያንን ያመሰገናትን ረስታ ይህንን ደጋግማ ታነበዋለች። አንድ ቀን ገብቼ ሳያት ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች። «እማዬ፣ የአባቴ ወገን ካልበላልኝ እዚህ ምን እሠራለሁ?» አለችኝ።

ሽፌ፣ አንተን ቀብሬ እሷን ደግሞ ልሸኝ?

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና ጋሼ በቃኝ ያሉት ጠግበው እንዳልሆነ ነገርኳት። «ታዲያ ለምን በቃኝ አሉ?» ብላ አፈጠጠችብኝ። በልጅነቷ ወጥታ ከተማ ያደገች፣ ምን ታድርግ! «አባትሽ በቃኝ ያለን ሰው ዝም ሲል አይተሽዋል?» አልኳት። ይኼኔ እጇ ላይ የያዘችውን ሹራብ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አስታወሰችህ። አንተ እኮ እንግዳ «በቃኝ» ሲል ነበር ማብላት የምትጀምረው። «በሞቴ! በሞቴ ይህቺን ብቻ!» እያልክ፣ ሰውየው ቀበቶውን እስኪያላላ። እኔም «ሰው አትግደል» እያልኩ ስቆጣህ። ያን ጊዜ በሞቴ ስትል የምትሞት አይመስለኝም ነበር።

ከተለየኸኝ ወዲህ ያ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ያን ዕለት በዚያ ገበታ ላይ ተቀምጬ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት።

ጋሼ ቤት ሄጄ ጉልበታቸውን ስሜ ዳግም እንዲመጡ ለመንኳቸው። «ለሽፈራው ስል እንጂ እግሬን አላነሳም ነበር» እያሉ መጡልኝ። አሁን እንግዳ አልሆንኩም፣ አጠገባቸው ቆምኩ። የበጉ ሥጋ ቀረበ፤ አንዴ ቀመሱና እጃቸውን ሳህኑ ላይ ዘርግተው «በቃኝ» አሉ። አስተናጋጁ ሳህኑን ሊያነሳ ሲል እጁን ያዝኩት። «በሞቴ» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ሳላስበው «በሽፈራው ሞት፣ ጋሼ» ብሎ ወጣ። ብርቄ ከወጥ ቤቱ በር ላይ አፏን በእጇ ያዘች። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ፣ ዓይናቸው ሞላ፤ ከዚያ ያቺን ቁራጭ አንስተው ጎረሱ። ሌላም አስጨመሩ። ሲጨርሱም «ጣፋጭ ነው፤ አሁንም ግን ትንሽ ነው» አሉ። መቼም እሳቸው ናቸው።

ምርቃት ግን አልሰጧትም ሽፌ። በእሱ ዛሬም እጨነቃለሁ። ሻንጣዋም አልጋው ስር እንደተከፈተ ነው፤ ጠዋት ስጠርግ ዝቅ ብዬ አየዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ጎድሏል፣ አንዳንድ ቀን ሞልቷል። አስተናጋጅ ልጆቹን ግን «በሞቴ» ማለት አስተምራቸዋለች። ባለፈው አንደኛው ለአንድ ፈረንጅ ብሎት፣ ሰውየው ትርጉሙን ሲሰማ ደንግጦ ሳህኑን ጠረገው። ብርቄ እስክትወድቅ ሳቀች። ሳቋ ያንተ ነው።

እኔ እስካለሁ ከልጅህ ገበታ ላይ እንግዳ ሳይለመን የሚነሳ ሳህን አይኖርም። እንግዳው «በቃኝ» ባለ ቁጥር ስምህን እጠራለሁ፤ ቃልህን ከዚያ ቤት አላጠፋውም። አንተም እዚያ ከሰማኸኝ፣ ለጋሼ በህልማቸው ምጣና ይመርቋት ዘንድ ለምንልኝ። እምቢ ካሉህ የምትለውን ታውቀዋለህ።

ያንተው
የብርቄ እናት