ከሁለተኛው እትም በፊት

ይድረስ ለታላቋ እህቴ፣ ለእታለም፦

እንደምን ከርመሻል? ባልሽስ እንዴት ነው? ወገቡን ተሻለው ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ሲነዳ ውሎ ማታ ያቃስታል? እኔ ደህና ነኝ። ማለቴ፣ ቆሜ እውላለሁ፤ ቆሞ የሚውል ሰው ደግሞ ደህና ነው ይባላል። ጸጉር ቤቱም እንዳለ አለ። እማ ሰላም ብላሻለች። ስለ እሷ ከዚህ በላይ አንዲት ቃል እንዳልጽፍልሽ አስምላኛለችና በቀጥታ ወደ መጽሐፍሽ ልግባ።

ባለፈው ደብዳቤሽ፣ አሳታሚው መጽሐፉን ሊደግመው ስለሆነ አንባቢው ምን እንዳለና የቱ ጋ እንደተሳሳትሽ ሳትራሪ ጻፊልኝ ብለሽኛል። ሳትራሪ ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ እንደሆነ ደክሞኛል፤ መራራትም ጉልበት ይፈልጋል።

አንቺ የላክሽልኝን መጽሐፍ ደብቄው ነበር። መጽሐፉን ወደ ጸጉር ቤቱ ይዛ የገባችው ባንክ የምትሠራው ልጅ ናት። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ሁሉም አንብቦት ሲሳሳቅበት እሷ ብቻ ቀርታ ኖሮ ገዝታው መጣች። ሽፋኑን እንዳየሁ አወቅሁት፤ ጊታር ያቀፈው ነጭ ዘፋኝና ጀርባዋን የሰጠችው ጥቁር ሴት። ደራሲዋ እህቴ ናት አላልኩም። አንቺን የብዕር ስምሽ ደበቀሽ፤ እኔም የጸጉር ማስያዣ በጥርሴ ይዤ ስለነበር ዝም ማለት አላስቸገረኝም። ካስክ ሥር የተቀመጠች ሁሉ ስታነበው ሙጫው በሙቀት ለቀቀና አሁን መጽሐፍሽ የሚነበበው በየገጹ ነው፣ እየተቀባበሉ። አንዷ ሲሳሳሙ ላይ ስትደርስ ሌላዋ ገና ሲተዋወቁ ላይ ናት።

ከዘፋኙ ዐይን ልጀምር። ምዕራፍ አንድ ላይ ሰማያዊ ነው። ምዕራፍ አምስት ላይ ቡናማ ሆነ። ሰርጉ ላይ አረንጓዴ ነው። ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ደንበኛ አሉኝ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከቦርሳቸው አይለይም፤ የገጹ ዳር ላይ «ሐኪም ይየው» ብለው ጻፉበት። ደግሞ የመኪና በር ግራ እጁን ሰብሮት በፋሻ ታስሮ ሳለ፣ በሚቀጥለው ገጽ ጊታር እየመታ ያለቅሳል። እዚያ ላይ ደግሞ «ማልቀሱስ እውነት ነው፣ ያማል» ብለዋል። መጨረሻው ገጽ ላይ «በትዕግሥት ላረመልኝ ባለቤቴ» ብለሽ አመስግነሽ የለ? ሴቶቹ ማን እንደሆነ ስለማያውቁ እርግማኑን አወረዱበት። እኔ ግን ቋንቋችንን ከ«እንደምን አደርሽ» ያላሳለፈ ሰው ያን ሁሉ ወረቀት ታቅፎ ሲያልበው ታየኝና ለመሳቅ ጓዳ ገባሁ።

ፈጽሞ ያልማሩሽ በጸጉር ነው። ምዕራፍ አራት ላይ ሴትዮዋን ዝናብ ይመታታል፤ ከዚያ ዘፋኙ ጣቶቹን እንደ ማበጠሪያ ከግንባሯ እስከ ወገቧ ያንሸራትታል። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አንቺ እኮ በቢጉዲን እየተጫወትሽ ያደግሽ ልጅ ነሽ! ዝናብ የመታው ጸጉራችን ምን እንደሚሆን ከእኔ በላይ ታውቂያለሽ። የባንኳ ልጅ ያን ሰዓት ሹሩባ እየሠራሁላት ነበርና ዕንባዋ በዐይኗ ሞልቶ፣ ይቺ ሴት ይኼን ጸጉር የት እንደገዛችው ጠይቁልኝ አለች።

ቆዳዋም አለልሽ። አንዴ ቡና፣ አንዴ ቸኮሌት፣ አንዴ ማር፣ አንዴ ቀረፋ። ሰፈራችን ያለችው ነርስ «ኧረ ሰው ናት ወይስ ሸቀጣ ሸቀጥ?» ብላ በሳቅ ገደለችን። ነርሷን ታስታውሻት እንደሆነ፣ ድሮ በወር አንዴ ነበር የምትመጣው፤ አሁን ጠዋት ጠዋት ሳትመጣ አትውልም። ጸጉሯ ግን ያው ነው። ስቀን ስናበቃ የባንኳ ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የእሷም ጓደኛ ነጭ መሆኑን፣ ለቤተሰቧ እስካሁን ትንፍሽ እንዳላለች ነገረችን። እሱ ቀረፋም ማርም ብሏት አያውቅም፣ በስሟ ነው የሚጠራት። እንዲያ እየሳቀችበት መጽሐፍሽን ደጋግማ የምታነበው ለካ መጨረሻው ላይ ቤተሰቡ ይታረቅ እንደሆነ ለማየት ነው።

ሌላ ስህተት ደግሞ አለ። ሁለት ቦታ ላይ የዘፋኙ ስም ይለወጣል። መምህርቷ ሴትዮዋ ውሽማ አላት ብለው ደመደሙ። ነርሷም ውሽማው ይሻላታል፣ እሱ ቢያንስ ሲያወራ ሰው ይመስላል አለች። የባልሽ ስም ነው እኮ እታለም። አንደኛው ቦታ ጃኬቱን አውልቆ የሚያለብሳት ነው፤ ሁለተኛው መንገድ መሀል አጎንብሶ የጫማዋን ክር የሚያስርላት። የአውቶቡስ ሹፌሩን ታዋቂ ዘፋኝ አድርገሽ፣ አውሮፕላንና ጠባቂ ሰጥተሽው፣ እውነቱ ጋ ስትደርሺ እጅሽ አመለጠሽ። አስተካክዪው፣ ወይም ተዪው። እኔ ብሆን እተወዋለሁ።

አባባ የተናገረበት ገጽ ላይ ማንም አልሳቀም። «እሱን ካገባሽ እኔንም እናትሽንም ቀብሬያለሁ ብለሽ ሂጂ» ያለሽን ቃል በቃል አስቀምጠሽዋል። እዚያ ገጽ ላይ አንድም የፊደል ግድፈት የለም፤ መምህርቷ ቀይ እስክሪብቶአቸውን ይዘው ፈልገው አጡ። ከዚያ ምዕራፍ ሦስት ላይ እንዳለው አደረግሽ፣ ሁለቱንም በአንድ የመኪና አደጋ ቀበርሻቸው። አባባ በኋላ በእውነትም ስለሞተ በእሱ በኩል የሚታረም ነገር የለም። ያኔ ባለመምጣትሽም የፈረደብሽ የለም።

አሁን የራሴን ልናገር። ምዕራፍ ሰባት ላይ የሴትዮዋ ታናሽ እህት በር ላይ ቆማ ሻንጣዋን ታቀብላታለች። ከዚያ በኋላ የለችም። አላገባች፣ አልሞተች፣ አልተሰደደች። ሻንጣውን እንዳቀበለች ቀረች። መምህርቷ የኮማ ጉድለት ሳይቀር ሲያሳድዱ እሷን አልፈለጓትም። እኔ ግን የሰው ጸጉር እያጠብኩ፣ ዛሬ አንዷ ትጠይቃለች፣ ነገ ትጠይቃለች እያልኩ ጠበቅሁ። ማንም አልጠየቀም። ተቀይሜሻለሁ እታለም። ይኼን ሁሉ ዓመት ቤቱን ይዤ የቀረሁት ሰው አይደለሁም እንዴ? እስከ ሰርጉ እንኳን ብታደርሺኝ ምን ነበረበት?

በይ ወደ ትልቁ ስህተት እንሂድ፤ ሀገር ምድሩ የሚስቅብሽ በእሱ ነው። ምዕራፍ ሃያ ሁለት፣ ሰርጉ። ምዕራፍ ሦስት ላይ የተቀበረችው እናት ከሙሽራዋ ኋላ ቆማ ዐይነ ርግቧን ታስተካክላለች።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ። የእማን አልጋ ከላይ ክፍል አውርጄ ጸጉር ቤቱ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ አድርጌዋለሁ። የሰው ድምፅ ደስ ይላታል፤ ለእኔም ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ ከመዋል ይሻላል። ይኼ ስለ አልጋው ነው እንጂ ስለ እሷ አይደለም፣ መሐላዬን አላፈረስኩም።

የባንኳ ልጅ የሰርጉን ገጽ ጮክ ብላ ስታነብ ነርሷ «ሬሳ ሰርግ ተጠራ!» አለች። ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ሰው የጻፈውንም አነበበችልን። አንዱ፣ ይህን ያረመው ሰው እንቅልፍ ላይ ነበር ይላል። ሌላው፣ እናቲቱ እንዲህ ከተነሣች ምዕራፍ ሠላሳ ላይ መንታ ሳትወልድ አትቀርም ብሏል። ሁሉም በሳቅ ሲንፈራፈሩ ከመጋረጃው ጀርባ አንድ ሳቅ ተሰማ። ረጅም ሳቅ ነው፣ በሳል ተቆርጦ እንደገና የሚቀጥል። ቀጥሎ የእማ ድምፅ መጣ፦ «ሟቿ እኔ ነኝ። ልጄን ግን አትሳቁባት።»

 መምህርቷ እስክሪብቶአቸውን ወደ ቦርሳቸው መለሱ። ነርሷ ደግሞ ያን ሁሉ ጠዋት የምትመላለሰው ወደ ደራሲዋ እናት እንደነበረ ሲገባት ፊቷን በፎጣ ሸፈነች። እንግዲህ እንደዚያ ሆኖ ነው የተጋለጥሽው። እኔን ሳይሆን እማን ክሰሺ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲቀንስ አጠገቧ ተቀምጬ አነብላታለሁ። ቶሎ ቶሎ አንብቢው ትለኛለች፤ ሲንሾካሾኩ የሚያባክኑትን ጊዜ ዝለዪልኝ፣ ሲሳሳሙ ያለውንም ዝለዪልኝ ትላለች። እኔ ግን ሌላ መዝለል አሰብኩና ከምዕራፍ ሁለት ወደ አራት ተሻገርኩ። ወዲያው ነቃችብኝ። የጆሮ ነገር ሆኖባት ከመጋረጃ ጀርባ ሁሉንም ሰምታ ጨርሳለች ለካ። እንግዲያው ብዬ ቀብሯን አነበብኩላት፤ አበባውን፣ የሬሳ ሣጥኑን፣ ያለቀሰውን ያላለቀሰውን። ስጨርስ እንዲህ አለች፦ «እኔን የቀበረኝ አባታችሁ ነው። ማን ጠየቀኝ? እሷማ ይኸው ለሰርጓ አስነሥታኛለች።»

አየሽ፣ ያ ሁሉ አንባቢ ስህተት ያለውን እሷ እንደ ስህተት አላየችውም። ደራሲዋ ልትቀብራት ሞክራ መቅበሩ እንዳልሆነላት አድርጋ ነው የተረዳችው። ተሳስታ ከሆነ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ አልጠይቅሽም።

ምዕራፍ ሰባትን ጨርሼ ስምንት ስጀምር እጇን አነሣችና አስቆመችኝ። ታናሿስ የት ገባች አለችኝ። ከአንባቢሽ ሁሉ እሷ ብቻ! እዚሁ ናት አልኳት። እጄን ያዘችው፤ እጇን ስለያዝኩ ያን ቀን ከዚያ በላይ አላነበብንም።

ሰርጉ ጋ ስንደርስ የጠየቀችኝ ሌላ ነው። «ምን ለብሼ ነበር?» አንዱ ገጽ ላይ ሰማያዊ፣ የሚቀጥለው ላይ ግራጫ ነው። እንደዚያው ነገርኳት። ሰማያዊው ይሁን አለች። አንቺ ይኼን አታውቂም፤ ለሰርግሽ ብላ በድብቅ ያሰፋችው፣ አባባን ፈርታ ሳትለብሰው የቀረ ሰማያዊ ቀሚስ አላት። ከሻንጣው ሥር አውጪልኝ አለች፣ አወጣሁት። ሰፋትና በጎኑ አስጠበብኩት። አሁን ደግሞ እንደገና ልብስ ሰፊዋ ጋ መልሼ አስጠብቤዋለሁ። ይኼም ስለ ቀሚሱ ነው።

ትናንት ጠየቅኳት። ለልጅሽ ልጽፍላት ነው፣ ምዕራፍ ሦስትን ታስተካክለው? አልኳት። ዐይኗን ጨፈነች። እንቅልፍ ወሰዳት ብዬ ልነሣ ስል ተናገረች።

«አትንካው በያት። ልጄ አልተሳሳተችም፤ ትንሽ ቀድማ ነው እንጂ።»

ያዘዝሽኝን ጨርሻለሁ እታለም። ጸጉሩን አስተካክዪ፣ ሸቀጣ ሸቀጡን አራግፊ፣ የተሰበረውን እጅ አድኚው። ሰርጉን ግን እንዳትነኪው፣ አደራ። የዘፋኙ ዐይን የፈለገው ቀለም ቢሆን ለሁለተኛው እትም ይደርሳል፤ አሳታሚውም ይጠብቃል፣ አንባቢሽም እየሳቀ ይጠብቃል። ሁሉም ነገር ግን እንደ አሳታሚ አይጠብቅም። ባልሽንም ይዘሽው ነይ። እማ ያን የጫማ ክር የሚያስረውን ሰውዬ አሳዩኝ ብላለች። የባንኳ ልጅም ታያችሁ። ጸጉርሽን እኔ እሠራልሻለሁ፤ ሹሩባም ካልሽ ሹሩባ። ዝናብ ቢመታሽ እንኳ አውቅበታለሁ።

መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ። ልጅ ለእናቷ፣ እናት ለልጇ የምትደርስ ያድርጋችሁ። ፈጣሪ እግርሽን ያፍጥነው።

ከምዕራፍ ሰባት በኋላ የጠፋችው፣
ታናሽሽ