ለአስታ ሳንነግራት የተገጠመው ዘፈን

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 23
ጎረቤታችን ሩት ከሆስፒታል ወጣች። የዳሌዋ ቀዶ ጥገና ደህና ነው፤ በምርኩዝ እስከ ፖስታ ሳጥኑ ትሄዳለች። ልጇ ቦዲል ከኦልቦርግ መጥታ ታስታምማታለች። ሦስተኛ ልጇን አርግዛለች አሉ። ሩት «በዚህ ዕድሜዬ ማን ይሸከመዋል» ትላለች፣ የሕፃኑን ካልሲ ግን መሥራት ጀምራለች...
እኔ ለአስታ የእምነት ማጽኛ ድግስ የጠረጴዛ ሶፍት ሳጥፍ ዋልኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት ቃሏን በራሷ አፍ ታጸናለች፣ ከዚያ ድግሱ። አርባ ሰው! ልጄ አሥራ አራት ሞላት እኮ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 24
የባሌ እህት ዶርቴ መጣች። የድግሱን ዘፈን እንደ ወጉ የገጠመችው እሷ ናት፤ የልጅቷ ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ፣ እንግዳው ሁሉ ወረቀት ይዞ የሚዘፍነው። ሳነብ ሦስተኛው አንጓ ላይ ቆምኩ፦

ሦስት ዓመት ጠብቀው ቢያዝኑ ሁለቱ፣
ደግ ሰው ዘር ሰጥቶ በአስታ ሞላ ቤቱ።

«አስታ አታውቅም እኮ» አልኳት።
«ምኑን?»
«የዘር ለጋሹን ነገር።»
«አንቺ ሰው... ትምህርት ቤት ስትገባ እንነግራታለን አላላችሁም?»
ብለናል። ቀጥሎ አሥር ሲሞላት አልን። ከዚያ በኋላ ምንም አላልንም።
«በቃ አወጣዋለሁ» አለች። ምን ዋጋ አለው? ልጆቿ ሳምንቱን ሙሉ ሲለማመዱት ከርመዋል።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 25
ባሌ ፕሬበን ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ሲጠግን ነገርኩት። መዶሻውን አስቀመጠ።
«ከእሑድ በኋላ ይሁን።»
«ከሌላ ሰው ትስማው?»
«አባዬ ማለቷን ብትተውስ?»
ለካ ይሄን ሁሉ ዓመት የፈራው ይህን ነው። «ነገ አብረን እንነግራታለን» አልኩት።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 26
ነገርናት። ኩሽና ውስጥ፣ ሶፍት እያጠፈች። ፕሬበን ጀመረ፣ እኔ ጨረስኩት። አባትሽ ዘር አልነበረውም፣ አንድ የማናውቀው ሰው ለክሊኒኩ ሰጠ፣ እኔ አረገዝኩሽ... ዘፈኑንም ሳልደብቅ። ሶፍቱን አስቀመጠች።
«አክስቴ ታውቃለች?»
«አዎ።»
«ልጆቿም?»
«ካለፈው ሳምንት ወዲህ።»
«ታዲያ የመጨረሻዋ እኔ ነኝ።»
የከነከናት ይሄ ነው። ስለ ሰውየው አንድም አልጠየቀች። ብስክሌቷን ይዛ ወጣች። ፕሬበን መስኮቱ ላይ ቆሞ ቀረ።
ለራት ተመለሰች። ቁጭ አለች። «አባዬ፣ ድንቹን አቀብለኝ» አለችው።
ሳህኑን በሁለት እጁ ነው ያቀበላት።
ስትነሳ ደግሞ «አንጓውን እንዳታወጡት። እኔ ብቻ የማላውቀው ነገር ካሁን ወዲያ አልፈልግም» አለች። አሁንም እንደተቀየመች ነው። ብትቀየም ይገባታል።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 29
ድግሱ አለፈ። ሦስተኛው አንጓ ላይ እንግዳው ድምፁን ቀነስ ሲያደርግ አስታ ጭራሽ ከፍ አደረገችው። ዶርቴ አለቀሰች። አስታ «አንቺው ገጥመሽ አንቺው ታለቅሻለሽ?» አለቻት።
ዛሬ ኤይናር መጣ፣ ወደብ ላይ ከፕሬበን ጋር የሚሠራው። ትናንት ተረኛ ስለነበር ስጦታውን ዛሬ አመጣ። አስታን ከእግሯ እስከ ራሷ አያትና «ይሄን ቁመት ከማን አመጣሽው?» አለ። እንዲህ ሲባል ወሬ የምቀይረው እኔ ነበርኩ። አፌን ስከፍት ፕሬበን ወደ አስታ አየት አደረገ። ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።
«ከለጋሹ ነው» አለ። «እኔ ወልጄያት ቢሆን ኖሮ መደርደሪያው ላይ አትደርስም ነበር።»
ኤይናር «ዕድለኛ ነሽ» አላት፣ «የኔዎቹ እኔን መስለው ቀሩ።»
ኬክ ሁለቴ በልቶ ሄደ።